ያየሁት ውሃ ነበር

«ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ስትከት አይቻታለሁ» ያልኩት ለምንድን ነው? ይህን ራሴን ስጠይቅ ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም መልስ የለኝም። አላየሁም። ያየሁት ውሃ ስትጠጣ ነው። ሐኪሙ ጠየቀኝ፤ አየሁ አልኩ።

ይህን ነገር እስከ አንድ ቀን ድረስ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ። በየጊዜው እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ጾም የገደፍኩበትን፣ ሰው ያማሁበትን፣ የታክሲ ወረፋ ላይ የተቆጣሁበትን ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። ይቺን ግን ዘልያታለሁ። ረስቻት አይደለም። ምላሴ ጫፍ ላይ ትመጣለች፣ እውጣታለሁ። ያዘዙኝን ስግደት ሰግጄ፣ ነጻ የወጣሁ መስዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እንግዲህ አሁን እናንተ ስሙኝ። ስትሰሙ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ «አንቺ ሐኪም አይደለሽ፣ በምን ታውቂያለሽ» እንዳትሉኝ። ይህን የሚሉኝ ሰዎች ሊያጽናኑኝ ብለው ነው፤ እኔን ግን ያናድደኛል። የማያውቅ ሰው ዝም ይላል። እኔ አላወቅኩም፣ ዝምም አላልኩም።

ልጅቷ መቅደስ ትባላለች። የታናሽ ወንድሜ ልጅ ናት። እኔ አግብቼም ወልጄም አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ራሱ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ሲኤምሲ አንድ ቪላ ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ከዘበኞችና ከእኔ ቢጤ የቤት ሠራተኞች ጋር ዴስክ ተጋርቼ ከአንደኛ ክፍል ጀመርኩ። ዲግሪዬን ስይዝ ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ ነበር። አሁን ከዚያ ቪላ ብዙ በማይርቅ የግል ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ «ሚስ እሽሽ» ይሉኛል፤ አውቃለሁ፣ አልተቀየምኳቸውም። ፀጥታ እወዳለሁ። የተዛባ ነገር አልወድም። መደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ ተገልብጦ ቆሞ ካየሁ ምሳዬ አይወርድልኝም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ነገሩን ያበላሸው ይኸው ጠባዬ ስለሆነ ነው።

ወንድሜ መቅደስን የላከልኝ አምስተኛ ክፍል እንደጨረሰች ነው። መንደራችን ከደብረ ብርሃን ወዲህ ነው፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፣ መምህሩም ዛሬ ከመጣ ነገ ይቀራል። «እታለም፣ አንቺ ዘንድ ከሆነች ሰው ትሆናለች» አለኝ። ቤተሰቡ በሙሉ እታለም ነው የሚለኝ፤ እሷም እንደ አባቷ እታለም አለችኝ። ቤቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ነው። እሷ ሳሎን ፍራሽ ዘርግታ ትተኛ ነበር። ሳቂታ ልጅ ናት። ደረጃውን በሩጫ ነው የምትወጣው። መጻሕፍቴን አንድ በአንድ እያወረደች ታነባለች፣ ሳልነግራት በየቦታቸው ትመልሳለች። ወደድኳት። ታዲያ የምወዳትን ልጅ ነው እንዲህ ያደረግኳት? አዎ፣ የምወዳትን ልጅ ነው።

መጀመሪያ የታመመችው በመጣች በጥቂት ወሯ ነው። ጎህ ሲቀድ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። ስደርስ ወለሉ ላይ ተኮማትራ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ታስመልሳለች። የበላችው ወጣ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሐሞት ወጣ፣ ከዚያ የሚወጣ ነገር ጠፍቶ እንኳ ሆዷ መገለባበጡን አልተወም። ምራቋን መዋጥ አቅቷት ፎጣ ላይ ታንጠባጥባለች። ሳናግራት አትመልስም፤ ዓይኗን ጨፍና እጇን ብቻ ታወዛውዛለች፣ «ተዪኝ» እንደማለት። መብራት ሳበራ አቃሰተች። ሰፈር ያለው ክሊኒክ ወሰድኳት። «ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎባታል» አሉኝ። ክኒን ዋጠች፣ መልሳ አወጣችው። በሦስተኛው ቀን ግን ምንም እንዳልነካው ሰው ተነስታ «እታለም፣ ሽሮ አለ?» አለችኝ። ደግማ አስጨምራ በላችና ደረጃውን በሩጫ ወረደች። የክሊኒኩን ሐኪም መረቅኩት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ሆነ። ያው ስል ያው ማለቴ ነው። ያው ንጋት፣ ያው አመድ ፊት፣ ያው ፎጣ፣ ያው ዝምታ፣ መጨረሻው ላይ ያው ሽሮ። ሌላ ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» አለ። ሌላው «አሜባ ነው» አለ። ሌላው እንደገና ታይፎይድና ታይፈስን ቀላቀለብን። የዚህ አገር ልጅ ሆዱን ሲታመም የሚሰጠው ስም ከዚህ ሌላ የለም? ደሟን በየጊዜው ቀዱ፣ ሰገራዋን በየጊዜው ተቀበሉ። «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆና ታውቃለች? እንዴት ነው የሚጀምራት? በመሃል እንዴት ናት?» ብሎ የጠየቀን አንድ ሰው አልነበረም። ዛሬም እናደዳለሁ። ግን በእነሱ መናደድ ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ነው ያዩዋት። ሁሉንም ጊዜ ያየሁት እኔ ነኝ።

ከታች ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፤ አፏ አያርፍም፣ ሆዷ ውስጥ ግን ክፋት የለም። አንድ ቀን ስኳር ልገዛ ስወርድ ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ።

«አንቺ የመጽሐፍ ሴትዮ፣ ያቺን ልጅ ወር አበባዋን ጠይቀሻታል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው ትላለች እንዴ! ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሰው ምንድን ነው? እኔ አምስት ጊዜ አስመልሼ፣ ይኸው አምስቱም እዚሁ ሱቄ ውስጥ ከረሜላ ይሰርቁኛል።»

አልሳቅኩም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይዤ ሄጄ እርግዝና አስመረመርኳት። ውጤቱን ስሰማ እፎይ አልኩ። እሷ ግን ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ እስከ ቤት ድረስ አልተመለከተችኝም። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ይህም አንድ በደል ነው፤ ግን ዋናው አይደለም።

ከዚያ በኋላ በራሴ መንገድ መመርመር ጀመርኩ። ነገርን ከነገር የማያያዝ ልማድ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ጉብኝት ሊወስዳቸው ሲል ታመመች። በፋሲካ ዋዜማ ታመመች። የሴሚስተር ፈተና ሲደርስ ታመመች። በፍልሰታ ከእኔ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም ሰንብታ ታመመች። ሁልጊዜ ንጋት ላይ ይጀምራታል፣ ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ይቆያል፣ በመሃል ግን ጤና ራሷ ናት። ይህን ሁሉ አየሁ። በትክክል አየሁ። ከዚህ ሁሉ ያወጣሁት መደምደሚያ ምን መሰላችሁ? ሕመም እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም አልኩ። ስለዚህ ልጅቷ ታስመስላለች አልኩ።

ገባችሁ? በሽታውን ለሐኪም የሚያሳውቀው ያ መመሳሰሉ፣ ያ እየተመላለሰ መምጣቱ፣ ለእኔ የውሸቷ ማስረጃ ሆነ። ከዓይኔ ያመለጠኝ ነገር የለም። ያመለጠኝ ልጅቷን ማመን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። እኔ ራሴ ራስ ምታት አለብኝ፤ ማይግሬን የሚሉት። ሲነሳብኝ ብርሃን አልችልም፣ ድምፅ አልችልም። ያን ቀን ቤቱ በሙሉ ለእኔ ይታዘዛል። መቅደስ መጋረጃውን ትዘጋለች፣ በእግሯ ጣቶች ትራመዳለች፣ ዘይነባን እንኳ ደረጃ ላይ አግኝታ «እሽሽ» ትላታለች። «ታስመስያለሽ» ያለኝ ሰው የለም፤ ቢኖርም ጉድ ይፈላ ነበር። እሷ ስትታመም ግን በእጇ መጋረጃውን እያሳየችኝ፣ ዝጊልኝ እያለችኝ፣ እኔ ሄጄ እከፍተዋለሁ። «ተነሺ፣ ፀሐይ ይንካሽ» እላለሁ። ከፈትኩት። በታመመች ቁጥር ከፈትኩት። የእሷ ሕመም የእኔ ሕመም ዘመድ ሊሆን ይችላል ብሎ ማን ያስባል? እሺ፣ አላሰብኩም። ግን ዓይኗን በክንዷ ስትጋርድ እያየሁ የራሴን ክንድ እንዴት አላስታውስም?

ውሃው ደግሞ እንዲህ ነው። እኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በማይመጣ ጊዜ ከታች በጀሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ እንሸከማለን። መቅደስ ሲነሳባት ጆጉን አንስታ ውሃውን ጭልጥ አድርጋ ትጠጣና ወዲያው መልሳ ታወጣዋለች። ደግማ ትጠጣለች፣ ደግማ ታወጣለች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። በወገቤ የተሸከምኩት ውሃ ነው።

«እንዲያስመልስሽ ነው የምትጠጪው? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ይሄ?» አልኳት።

በጭንቅ ቀና አለች። «ሐሞቱ ያቃጥለኛል፣ እታለም። በውሃ ሲወጣ ይሻለኛል።»

መልሱ ይኸው ነበር። አጭር፣ ግልጽ፣ ትክክለኛ መልስ። የመጻሕፍት ቤት ልጆች እንዲህ ቢመልሱልኝ እሸልማቸው ነበር። አላመንኳትም። ጆጉን ከእጇ ወሰድኩት።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደረሰ። እኔ ያንን ፈተና የተፈተንኩት በሰው ቤት እያደርኩ፣ እመቤቲቱን ለምኜ፣ ግማሽ ቀን ተፈቅዶልኝ ነው። እጄ የነጭ ሽንኩርት ሽታ እንደያዘ ነው ወረቀቱን የነካሁት። ስለዚህ በፈተናው ጠዋት መቅደስ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተኮማትራ ሳገኛት ያየሁት የታመመ ልጅ አይደለም። ያየሁት የተሰጣትን ነገር የምትንቅ ልጅ ነው። «ዛሬስ አታመልጪኝም» አልኳት። ዩኒፎርሟን አለበስኳት፣ ክንዷን ይዤ ደረጃውን አወረድኳት። ዘይነባ ሱቋን እየከፈተች ነበር።

«ኧረ በአላህ! ይቺን ልጅ ወዴት ነው የምትጎትቻት? ከንፈሯ ደርቋል እኮ፣ አታይም?»

«ፈተና አለባት።»

«ፈተናው አንቺ ነሽ እንጂ!» አለችኝ ከኋላዬ።

አልዞርኩም። የፈተናው ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ወላጅ ሁሉ እያየ፣ መቅደስ ወደቀች።

ሆስፒታል ግሉኮስ ተከሉላት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ደክሞታል፣ ክፉ ሰው አልነበረም። መቅደስ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ በስሟ ጠራት፣ አልመለሰችም። ወደ እኔ ዞረ። የት እንደምሠራ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አነጋገሬን ወደደው መሰለኝ፤ ወንበር ሳበልኝ።

«እስኪ ይንገሩኝ፣ ራሷ ናት እንዴ ሆን ብላ የምታስመልሰው? ያዩት ነገር አለ?»

አለ። ያየሁት ብዙ ነገር አለ። ንጋቱን አይቻለሁ። አመድ ፊቷን አይቻለሁ። በመሃል ጤነኛ መሆኗን፣ ዓይኗን የጋረደችበትን ክንድ፣ ሲለቃት የምትጠይቀኝን ሽሮ አይቻለሁ። ውሃውን አይቻለሁ። ይህን ሁሉ በተርታ ብነግረው ኖሮ ቢያንስ ሁለተኛ ጥያቄ ይጠይቀኝ ነበር። እኔ ግን «አዎ፣ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ስትከት አይቻታለሁ» አልኩ።

መጽሐፍ መጥፋቱን ለርዕሰ መምህሩ በማስረዳበት ድምፅ ነው የተናገርኩት። ለምን? በሰው ፊት ስትወድቅብኝ ስላፈርኩ? በልቤ የፈረድኩትን ሌላ ሰው እንዲያጸድቅልኝ ፈልጌ? ወይስ እንደ እኔ ዘግይቶ ለተማረ ሰው «አላውቅም» ማለት ወደ ማድቤት መመለስ ስለሚመስለው? ሁሉንም መልስ ሞክሬዋለሁ። እያንዳንዱ ትንሽ ልክ ይመስላል፤ አንዱም አይሞላም።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ፍለጋው እዚያ ላይ አለቀ። «የሰውነቷ ፈሳሽ ሲተካ ትወጣለች። የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያሳዩዋት ጥሩ ነው፤ ከምግብ በኋላም ይከታተሏት» አለኝ። አመሰገንኩት። ልጅቷን አልጠየቃትም። እስክትነቃ አልጠበቃትም። መነጽር ያደረገች፣ ዓረፍተ ነገር የማታበላሽ ሴት ከተናገረች በቃ! እኔ ደግሞ ያለመታመንን ነገር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በዚያ ቪላ ቤት ሳለሁ ዕቃ በጠፋ ቁጥር የምጠየቀው እኔ ነበርኩ፤ አልወሰድኩም ስል የሚያምነኝ አልነበረም። ለመታመን ስል ነው የተማርኩት ብል ማጋነን አይሆንም። የታመንኩበትን የመጀመሪያ ትልቅ ቀን ለምን እንዳዋልኩት እናንተው እዩት።

ድና ሽሮ ስትጠይቀኝ ሻንጣዋን አዘጋጅቼ ነበር። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ልጅህ መማር አትፈልግም። እያስመሰለች ነው። ሐኪም አረጋግጦልኛል» አልኩት። እዩልኝ እንግዲህ! ለሐኪሙ የነገርኩት እኔ፤ አረጋገጠልኝ የምለው ሐኪሙን። ወንድሜ አንድ ቃል አልተከራከረኝም። የተማረችው እህቱ ነኛ።

መንደርም ሕመሙ አልተዋትም። ግን አሁን ምክንያቱ ታውቋል፤ እታለም ጣቷ ነው ብላለች። ውሃ የሚያቀብላት ቀረ። ጸበል ወሰዷት። እዚያ ስታስመልስ «እሰይ፣ ወጣላት» አሉ። ቤት ተመልሳ ስታስመልስ «ደግሞ ጀመረች» አሉ። ትምህርቷን አቋረጠች። ለማን እንዳራት የሚል ወሬ ሳይቀር ተነሳ። አንድ ቀን ወንድሜ ደወለልኝ።

«እታለም፣ ግራ ገባኝ።»

«ምን ሆንክ?»

«እጇን አስረናት ነበር። በነጠላ ነው፣ እንዳያማት ብለን። ጣቷን እንዳትከት።»

«እሺ?»

«እጇ ታስሮም አስመለሳት።»

እውነቱ ራሱ በእግሩ ሄዶ፣ ፈልጎኝ፣ ስልኬ ውስጥ ገብቶ ተናገረኝ። እጇ ታስሯል፤ ጣት የለም፤ አስመለሳት። «ተሳስቻለሁ፣ ፍቷት፣ ወደ እኔ ላካት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «ሌላ ዘዴ አግኝታ ይሆናል» አልኩት።

የመጀመሪያውን ለምን እንዳልኩት አላውቅም ብያችኋለሁ። ይህንን ግን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያውን ልሸፍን ነው ያልኩት። ይህ ሰበብ አይደለም፤ የከፋ ነገር ነው።

ሁለት ዓመት ግድም አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ትምህርት ቤታችን ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ እናት ስለ ልጇ ጤና ልታነጋግር መጣች። ቢሮው እድሳት ላይ ስለነበር ከክፍል መምህሯና ከርዕሰ መምህሩ ጋር እኔ ጋ፣ መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ። እኔ መደርደሪያ ጀርባ መጻሕፍት አስተካክላለሁ።

«ሳይክሊክ ቮሚቲንግ ይባላል» አለች እናትየዋ። «እየተመላለሰ የሚመጣ ትውከት ማለት ነው። ኤቭሪ ታይም ሴም ነው፤ ንጋት ላይ ይጀምራታል፣ ሁለት ሦስት ቀን ያስመልሳታል፣ ከዛ በቃ፣ ምንም እንዳልነበረ። በመሃል ፐርፌክት ናት።»

«ፈተና ፈርታ ይሆን?» አለች መምህሯ፣ በጥንቃቄ።

«ፈተናም ይቀሰቅስባታል፤ ልደቷም ይቀሰቅስባታል! ደስታው ራሱ። እንቅልፍ ካጣችም፣ ሆዷ ባዶ ከዋለም። አያቷ ጾም ትጀምር ሲሉኝ እንቢ ያልኩት ለዛ ነው። እኔ ማይግሬን አለብኝ፤ ከእሱ ጋር ይዛመዳል ነው ያሉኝ። ከጀመራት ጨለማ ክፍል፣ ፀጥታ፣ እና ቶሎ ደውሉልኝ፣ ግሉኮስ ያስፈልጋታል። ውሃ ጠጥታ መልሳ ስታወጣው ካያችሁ ደግሞ ፕሊስ እንዳትቆጧት። ሐሞቱ እንዳያቃጥላት ነው።»

«ምንም ችግር የለም፣ እንተባበራለን» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

በቃ። ማስረጃ የጠየቀ የለም፣ «ታስመስል ይሆን» ያለ የለም። ያቺ ሕፃን በአንድ ረፋድ ታመነች። እኔ መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። ንጋቱ የእኔ ቤት ንጋት ነው። ጾሙ እኔ ያስጾምኳት ነው። ማይግሬኑ የእኔ ራስ ነው። ውሃው በጀሪካን የተሸከምኩት ውሃ ነው። እጄ ላይ የነበረው መጽሐፍ የት እንደሚገባ ጠፋኝ፤ ገልብጬ ከተትኩት።

መጀመሪያ የተናደድኩት በእናትየዋ ነው። አዎ፣ በእሷ። የባለመኪና ልጅ ሲሆን የበሽታ ስም ይገኛል፣ ለመንደር ልጅ ታይፎይድና ታይፈስ! አልኩ በልቤ። ይህ ንዴት ውሸት አልነበረም፤ ዛሬም አልተውኩትም። ግን ብዙ አልቆየም፣ ዞሮ ወደ እኔ መጣ። ያቺ ሴት ጥሩ ሐኪም ጋ የሚያደርስ ገንዘብ ነበራት፤ ልክ ነው። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጥ ግን ያየችውን ነው የተናገረችው። እኔም ያንኑ አይቻለሁ፣ አንድም ሳይጎድል። እኔ ያላየሁትን ተናገርኩ።

በሳምንቱ መጨረሻ መንደር ሄድኩ። መቅደስ በቁመት አልፋኛለች። ከስታለች፤ ከትውከቱ ብዛት የፊት ጥርሶቿ ጫፋቸው ተበልቷል። ጉንጬን ስማ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። ወንድሜን «ጥሩ ሐኪም አግኝቻለሁ» አልኩት። አዎ፣ አሁንም! ሐኪም አገኘሁ አልኩ እንጂ ዋሽቼህ ነበር አላልኩም። እጄን ይዞ አመሰገነኝ። እናቷ አለቀሰች፣ መረቀችኝ። ምርቃቷን ቆሜ ተቀበልኩ። ከሠራሁት ሁሉ አንገቴን የሚያስደፋኝ ያ ምርቃት ነው።

መቅደስን ይዤ ተመለስኩ። ያልኳት ሐኪም ከኢምፔሪያል ሆቴል ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ክሊኒክ የምትሠራ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። እኔ አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። «እርስዎ ትንሽ ይጠብቁኝ፤ ከእሷ ልስማ» አለችኝ። መቅደስ ተናገረች። ንጋቱን፣ ሐሞቱን፣ ብርሃኑን፣ ውሃውን። በመሃል ቆም ትላለች፣ ሐኪሟ ትጠብቃታለች። አንድም ነገር አላጋነነችም። ሁለት ዓመት እጇን የሚያስሯት ሰዎች መሃል ኖራ፣ ማንንም አልከሰሰችም።

«ብዙ ጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ ነው፣ እንዳይከፋሽ» አለቻት ሐኪሟ። «ጣትሽን ከተሽ ራስሽን አስመልሰሽ ታውቂያለሽ?»

መቅደስ ዞራ እኔን አየችኝ። የጥላቻ አስተያየት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። መልሱ እኔ ጋ የተቀመጠ ዕቃ ይመስል፣ ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

«ከታ አታውቅም» አልኩ። «ከታለች ያልኩት እኔ ነኝ። ለሐኪም ነው ያልኩት። አላየሁም። ያየሁት ውሃ ስትጠጣ ነው። ዋሸሁባት።»

ይኸው ነው። ስንት ስግደት ያላወጣው ነገር፣ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ሐኪሟ አልገሠጸችኝም፣ አላጽናናችኝም። ለመቅደስ ነው የተናገረችው፦ ሌላ ነገር አለመሆኑን የሚያረጋግጡ ምርመራዎች እንደሚቀሩ፣ የነገረቻት ግን እየተመላለሰ የሚመጣ ትውከት እንደሚመስል፣ ሲነሳ የሚያበርድና እንዳይነሳ የሚከላከል መድኃኒት እንዳለው። «ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም» አለቻት። መቅደስ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

ከክሊኒኩ ወጥተን ወደ ሚኒባሱ ወረፋ ሄድን። ወረፋው ላይ ቆመን ሳለ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሰምቼሽ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያን ቀን። አልጋው ላይ ነበርኩ እኮ፣ እታለም። ሲነሳብኝ መናገር ነው የሚያቅተኝ እንጂ እሰማለሁ።»

ሰምታ ነበር። ሻንጣዋን ሳዘጋጅ ታውቅ ነበር። እጇ በነጠላ ሲታሰር ያሳሰራት ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ለማን? ለእኔ? ለአባቷ? ለዚያ ወንበር ለሳበልኝ ሐኪም?

ይቅርታ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከመንደር ጀምሮ ቃል በቃል አርሜ፣ እንደ ድርሰት። ግን ይቅርታ ብጠይቃት ያደገችበት ሥርዓት «ምንም አይደል» ያስብላታል። ምንም አይደል የሚባል ነገር አይደለም። ያን ቃል ከአፏ አውጥቼ ይዤ ልሄድ? አልጠየቅኳትም። ከእናንተም አልጠይቅም። ሠርቼዋለሁ፤ ከእኔ በስተቀር የሠራው የለም።

ሚኒባሱ መጣ። መቅደስ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፣ እኔ ከአጠገቧ። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ «መጋረጃው ያው ነው?» አለችኝ።

«የቱ?»

«ያ ስሱ።»

«ያው ነው።»

«ወፍራም ግዢ» አለች። «ጨለም ያለ። ከመክፈትሽ በፊት ደግሞ ጠይቂኝ።»

እሺ አልኳት።